የሞተር ዘይት ውፍረትና የነዳጅ ፍጆታ፦ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ከውጭ ታስገባለች። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ማሻሻያ ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ የነዳጁ ዋጋ ደረጃ በደረጃ በተጠቃሚው ላይ እያረፈ መጥቷል። በሌላ በኩል በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ኃይል የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ አስቀድመው በሥራ ላይ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ለረዥም ጊዜ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ስለሆነም ነዳጅ መቆጠብና የሞተርን ዕድሜ መጠበቅ ለእያንዳንዱ ባለንብረት አብረው የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሁለቱንም ከሚነኩ ነገሮች አንዱ የሞተር ዘይት ውፍረት ነው። በጉዳዩ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች በሰፊው ይሰማሉ። አንደኛው «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ቀጭን ዘይት ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ነው። ሁለቱም በከፊል እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ያለ ቦታቸው ሲሠራባቸው ግን ባለንብረቱን ለወጪ ይዳርጋሉ። ይህ ማብራሪያ የዘይት ውፍረት በነዳጅ ፍጆታ ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ እንዳለው፣ በዘይት ዕቃ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብና ለአንድ ተሽከርካሪ ተስማሚው ዘይት እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ለሞተሩ ከተፈቀደው በላይ ወፍራም ዘይት መጠቀም የነዳጅ ፍጆታን ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል።

• ለሞተሩ ከተፈቀደው በታች ቀጭን ዘይት መጠቀም ከሚያስገኘው የነዳጅ ቁጠባ ይልቅ በሞተሩ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሊበልጥ ይችላል።

• ትክክለኛው ውፍረት የሚታወቀው ከተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ ከሌላ ሰው ልምድ ወይም ከዘይቱ ዋጋ አይደለም።

1. የዘይት ውፍረት ምን ማለት ነው?

የዘይት ውፍረት ማለት ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሳየው የመቋቋም መጠን ነው። ማርና ውኃ እኩል ዘንበል ቢደረጉ ውኃው ፈጥኖ ሲወርድ ማሩ ይዘገያል፤ ማሩ ሲሞቅ ግን ይቀጥናል፣ ፍሰቱም ይፈጥናል። የሞተር ዘይትም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል።

ለውጡ ቀላል አይደለም። የዘይት ውፍረት ሴንቲስቶክ በተባለ መለኪያ ይለካል። በብዙ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች የሚያገለግለው 15ደብሊው-40 ዘይት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሴንቲስቶክ በላይ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ግን ወደ 14 ሴንቲስቶክ ገደማ ይወርዳል። ማለዳ በተነሣ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይትና ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ በዚያው ሞተር ውስጥ የሚገኘው ዘይት በውፍረታቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው ማለት ነው።

2. በዘይት ዕቃ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የሞተር ዘይት ውፍረት የሚመደበው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣውና በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ደረጃ ነው። የማኅበሩ ምሕፃረ ቃል ኤስኤኢ በመሆኑ በዘይት ዕቃዎች ላይ ከቁጥሩ በፊት ይህ ስም ይገኛል። 5ደብሊው-30 የሚለውን ለምሳሌ ብንወስድ ሁለት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም 5ደብሊው፣ ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ያመለክታል። ደብሊው የተባለው ፊደል ክረምት ወይም ብርዳማ ወቅት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይፈሳል። ሞተርን በብርድ ለማስነሣት ያለው ብቃት የሚፈተነው ለ5ደብሊው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ፣ ለ15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም 30፣ ዘይቱ በሞቀ ሞተር ውስጥ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ለዋና ዋናዎቹ መደቦች የተወሰነው ወሰን የሚከተለው ነው፦

• 20፦ ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ
• 30፦ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ
• 40፦ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ
• 50፦ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ

ከዚህ እንደሚታየው 50 ተብሎ የተመደበ ዘይት በሞቀ ሞተር ውስጥ 20 ተብሎ ከተመደበው በእጥፍ ገደማ ይወፍራል። በዘይት ዕቃው ላይ ያለ ደብሊው 40 ወይም 50 ብቻ ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚኖረው ጠባይ በደረጃው መሠረት አልተመደበም ማለት ነው።

3. ውፍረት ነዳጅ የሚያስበላው እንዴት ነው?

ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ፒስተኖች በሲሊንደር ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ክራንክ ሻፍት የተባለው ዋና ዘንግም በማረፊያዎቹ ላይ ይሽከረከራል። ዘይቱ በብረትና በብረት መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚገባ ብረቶቹ በቀጥታ አይፋተጉም። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ራሱ ሲንቀሳቀስ ይጎትታል። ዘይቱ በወፈረ መጠን ጉተታው ይጨምራል፤ የዘይት ፓምፑም ዘይቱን ለመግፋት የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚመነጨው ከሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ወደ ጎማ ሊደርስ ይችል የነበረው ኃይል ዘይቱን በማንቀሳቀስ ይባክናል።

ብክነቱ በይበልጥ የሚታየው ሞተሩ ሳይሞቅ በሚነዳበት ጊዜ ነው። የራዲያተሩ ውኃ ከሞቀ በኋላም ዘይቱ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ለመድረስ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ቢሮ እንደመሄድ ያለ አጭር የከተማ ጉዞ የሚያደርግ ተሽከርካሪ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው ዘይቱ ገና ወፍራም ሳለ ነው። በመሆኑም ከተገቢው በላይ የወፈረ ዘይት ከረዥም ጉዞ ይልቅ በአጭር ጉዞ የበለጠ ነዳጅ ያስበላል።

4. ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትና የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለአሽከርካሪዎች በጋራ በሚሰጡት መረጃ መሠረት፣ አምራቹ ያዘዘውን ውፍረት መጠቀም የነዳጅ አጠቃቀምን ከ1 እስከ 2 በመቶ ያሻሽላል። ለ5ደብሊው-30 በተሠራ ሞተር ውስጥ 10ደብሊው-30 መጨመር ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ለ5ደብሊው-20 በተሠራ ሞተር ውስጥ ደግሞ 5ደብሊው-30 መጨመር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ብክነት ሊያስከትል ይችላል።

መጠኑ በስሌት ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀናት የሚሠራ የታክሲ አገልግሎት ሰጪ አውቶሞቢል በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ በዓመት 4,500 ሊትር ይጠቀማል። የዚህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ማለት ከ45 እስከ 90 ሊትር ነው። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ የግል አውቶሞቢል ደግሞ ልዩነቱ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይሆናል። ባለንብረቱ ይህን በወቅቱ የነዳጅ ዋጋ በማባዛት ለራሱ ማስላት ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ብዙ ለሚሠራ ተሽከርካሪ ትክክለኛውን ዘይት መጠቀም የሚናቅ ጥቅም የለውም፤ ዘይቱ ለማንኛውም የሚቀየር በመሆኑ የተለየ ድካም አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ዘይት ብቻውን ተአምር አይሠራም። በእነዚሁ ተቋማት መረጃ መሠረት በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ፍጥነት በድንገት እየጨመሩና በኃይል ፍሬን እየያዙ መንዳት ነዳጅን ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊያባክን ይችላል። የጎማዎች አማካይ የአየር ግፊት በ1 ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥርም 0.2 በመቶ ገደማ ይባክናል። ስለዚህ ነዳጅ በዛበኝ የሚል አሽከርካሪ ከዘይቱ በፊት አነዳዱንና ጎማውን ሊፈትሽ ይገባል። የነዳጅ ፍጆታን በ10 ወይም በ20 በመቶ እቀንሳለሁ ተብሎ የሚሸጥ ዘይት ወይም ተጨማሪ ፈሳሽ ሲቀርብም በጥንቃቄ መመልከት ተገቢ ነው።

5. እንዲያ ከሆነ በጣም ቀጭን ዘይት መምረጥ አይሻልምን?

አይሻልም። ዘይት ከተወሰነ መጠን በታች ሲቀጥን በብረቶቹ መካከል ያለው ሽፋን ይሳሳል፤ ሞተሩ በከባድ ጭነት፣ በዳገት ወይም በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ ሽፋኑ ተበጥሶ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በዚህ ጊዜ ጉተታው ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል፤ የሻፍቱ ማረፊያዎችና የፒስተን ፋሻዎች ይበላሉ። በዓመት ጥቂት አሥር ሊትር ነዳጅ ለማትረፍ ሲባል ሞተር ማስወረድ የሚያስከትል ጉዳት ላይ መድረስ ኪሳራ እንጂ ቁጠባ አይደለም።

በቀጭን ዘይት እንዲሠሩ የተነደፉ ዘመናዊ ሞተሮች ጉዳት የማያገኛቸው ለዚያው ስለተዘጋጁ ነው። በብረቶቻቸው መካከል ያለው ክፍተት፣ የዘይት ፓምፓቸውና የክፍሎቻቸው ገጽታ ከዘይቱ ጋር ተጣጥሞ ተሠርቷል። ዘይቱን ብቻ ወስዶ ለቆየ ሞተር መስጠት ግን ሞተሩን አዲስ አያደርገውም። በተቃራኒውም ለ0ደብሊው-20 በተሠራ ሞተር ውስጥ 20ደብሊው-50 መጨመር ዘይቱ ወደ ጠባብ ክፍሎች ለመድረስ እንዲዘገይና ነዳጅ እንዲባክን ያደርጋል።

6. የአገራችን አየር ንብረት በምርጫው ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ጊዜ «አገራችን ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ዘይት ያስፈልጋል» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል።

የመጀመሪያው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ በትክክል የሚሠሩ ከሆነ የውጭው አየር 15 ዲግሪም ሆነ 35 ዲግሪ፣ የሞተሩ የሥራ ሙቀት ተቀራራቢ ሆኖ ይቆያል። የዘይቱን ሙቀት በእጅጉ የሚጨምረው ከአየሩ ይልቅ የሥራው ክብደት ነው። በአዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ይዞ የሚጓዝ አውቶሞቢልና ኮንቴይነር ጭኖ ከጅቡቲ ወደብ በአፋር ቆላ አቋርጦ ወደ መሀል አገር ደጋ የሚወጣ ከባድ ተሽከርካሪ በዘይታቸው ላይ የሚያሳድሩት ጫና ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ሁለተኛው በአንድ አገር ውስጥ ያለው የአየር ንብረት ልዩነት ነው። በሠመራ ወይም በጋምቤላ የሚሠራ ተሽከርካሪ ማለዳም ቢሆን ቀዝቃዛ አየር እምብዛም አያገኘውም። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በባሌ ደጋ የሚያድር ተሽከርካሪ ግን በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሞተሩን የሚያስነሣው በብርድ ነው። እርግጥ ነው፣ የአገራችን ብርድ ሞተር እንዳይነሣ የሚያደርግ አይደለም፤ 15ደብሊው እንኳ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይፈተናል። ይሁንና በዚያ የማለዳ ብርድ 20ደብሊው-50 እጅግ ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ አጫጭር ጉዞ በሚያደርግ ተሽከርካሪ ላይ የነዳጅ ብክነቱ ይበዛል።

ብዙ አምራቾች ለአንድ ሞተር ከአንድ በላይ ውፍረት ይፈቅዳሉ፤ በመመሪያ መጽሐፉም ላይ ውፍረቱንና የአየር ሙቀቱን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያቀርባሉ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲኖር ከተፈቀዱት መካከል በደጋና በከተማ ለሚነዳ ቀጠን ያለው፣ በቆላና በከባድ ጭነት ለሚሠራ ደግሞ ወፈር ያለው ይመረጣል። ከሠንጠረዡ ውጭ መውጣት ግን አይመከርም።

7. ለአንድ ዓይነት ተሽከርካሪ ሁለት የተለያዩ ምክሮች ለምን ይሰጣሉ?

ወደ አገራችን የገቡ ተሽከርካሪዎች ለተለያዩ ገበያዎች የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በጃፓን፣ ሌሎቹ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመነዳት ታስበው ተሠርተዋል። ለተመሳሳይ ሞተር በአንድ አገር ቀጭን ዘይት ታዝዞ በሌላው ወፈር ያለ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የአየር ንብረት ልዩነት ብቻ አይደለም። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ አምራቾች የተሽከርካሪዎቻቸውን አማካይ የነዳጅ ፍጆታ በሕግ ከተወሰነ ደረጃ እንዳያሳልፉ ይገደዳሉ። በመቶ አንድ እንኳ የሚያተርፍ ዘይት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ ሲታይ ትልቅ ጥቅም ስላለው ቀጭኑን ያዝዛሉ። ስለሆነም በሌላ አገር ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሰጠው ምክር ቅን ቢሆንም ለዚህኛው ተሽከርካሪ ላይሠራ ይችላል።

መመሪያ መጽሐፉ የጠፋ ወይም በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ በቅድሚያ የሞተሩ የዘይት መጨመሪያ ክዳን ይታያል፤ በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ የውፍረት መጠኑ በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ካልተገኘ የሞተሩን መለያ ኮድ ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ይገባል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው አውቶሞቢሎች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ስለሚችል የመኪናውን ስም ብቻ መናገር በቂ አይደለም።

8. ሞተሩ አርጅቶ ዘይት የሚበላ ቢሆንስ?

ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ሲያቃጥልና ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ወፈር ወዳለ ዘይት መሸጋገር የተለመደ ነው። ይህ በመመሪያው ከተፈቀዱት ውፍረቶች ሳይወጣ ከሆነ ዘይት መብላቱን ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ብልሽቱን ግን አያድንም። የነዳጅ ፍጆታውም በመጠኑ ይጨምራል። የጭሱ ምክንያት የፒስተን ፋሻ መሆኑን ወይም የቫልቭ ጎማ መሆኑን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል፤ የቫልቭ ጎማ ብቻ ከሆነ ጥገናው ከሞተር ማስወረድ ያነሰ ነው። ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚቀርብ ባለንብረት ችግሩን ወፍራም ዘይት ጨምሮ ከመሸፈን አስቀድሞ ቢያስጠግን ይጠቀማል።

9. ለከባድ ተሽከርካሪዎችና ለሞተር ሳይክሎች የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ከውፍረቱ ሌላ በዘይት ዕቃ ላይ ኤፒአይ ከሚለው ምሕፃረ ቃል ቀጥሎ የአገልግሎት ደረጃ ይጻፋል። በኤስ የሚጀምረው፣ ለምሳሌ ኤስፒ፣ ለቤንዚን ሞተር ነው። በሲ የሚጀምረው፣ ለምሳሌ ሲኬ-4፣ ለናፍጣ ሞተር ነው። ኤፍኤ-4 የተባለው የናፍጣ ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ታስቦ በሥራ ሙቀት ቀጠን እንዲል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለተወሰኑ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ የሚያገለግል ነው። አምራቹ ካልፈቀደ በቀር በቆዩ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ በሲኬ-4 ምትክ መጨመር የለበትም።

ሞተር ሳይክሎችና ብዙ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ደግሞ ፍሪሲዮናቸው በዚያው በሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ለአውቶሞቢል ተብለው የተሠሩ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይቶች ፍትጊያን የሚቀንሱ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው ፍሪሲዮኑ እንዲያንሸራትት ሊያደርጉ ይችላሉ። ለእነዚህ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ተስማሚ ነው።

10. ዘይት በሚገዛበትና በሚቀየርበት ጊዜ መከናወን ያለባቸው ተግባራት

1. ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት በመመሪያ መጽሐፉ የታዘዘውን ውፍረትና የአገልግሎት ደረጃ በጽሑፍ መያዝ።

2. የዘይት ዕቃው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የውፍረቱ ቁጥርና የአገልግሎት ደረጃው በግልጽ መጻፋቸውን ማረጋገጥ፤ ምንጩ ያልታወቀና ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት አለመግዛት።

3. ዘይቱ በሚጨመርበት ጊዜ በቦታው መገኘት፤ የዘይቱን ፊልትሮ አብሮ ማስቀየር።

4. ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃዎች ከቆዩ በኋላ ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሳለ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ማየት። መጠኑ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ ነዳጅም ያባክናል፤ ከታችኛው ምልክት ካነሰ ሞተሩ ለጉዳት ይጋለጣል።

5. የተቀየረበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብና የዘይቱን ውፍረት መዝግቦ ደረሰኙን ከተሽከርካሪው ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ።

6. የመቀየሪያ ጊዜን አለማሳለፍ። ዘይት ሲቆይ በሙቀት ብዛትና በጥላሸት እየወፈረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ትክክል የነበረው ውፍረት ትክክል ሆኖ አይቀጥልም። በአቧራማ መንገድ፣ በከባድ ጭነትና በአጫጭር ጉዞ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ከመደበኛው ጊዜ ቀድመው እንዲቀይሩ አምራቾች ያዝዛሉ።

7. የተቀየረውን ዘይት በወንዝ፣ በቦይ ወይም በመሬት ላይ አለማፍሰስ።

11. ለውጡን እንዴት መለካት ይቻላል?

ዘይት የቀየረ አሽከርካሪ ነዳጅ መቆጠቡን ማወቅ ቢፈልግ ታንከሩን ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዘግባል። ቀጥሎ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር በተጓዘው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ያባዛል። ለምሳሌ 380 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 38 ሊትር ቢሞላ ፍጆታው ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ነው። ይሁን እንጂ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሆነ ልዩነት በአንድ ሙሌት አይታይም፤ የትራፊኩ መጨናነቅ፣ ጭነቱና አነዳዱ ከዚያ የበለጠ ልዩነት ያመጣሉ። ቢያንስ የበርካታ ሙሌቶችን አማካይ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ፍጆታው በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቢጨምር ምክንያቱ የዘይቱ ውፍረት ብቻ ሊሆን ስለማይችል የጎማ ግፊት፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን መያዝ ሊመረመሩ ይገባል።

በአጠቃላይ ከዘይት ውፍረት የሚገኘው የነዳጅ ቁጠባ አነስተኛ ቢሆንም እርግጠኛ ነው፤ የሚገኘውም ሞተሩ የተሠራለትን ውፍረት በመጠቀም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውፍረት በየዕለቱ ነዳጅ ያስከፍላል፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በመጨረሻ ሞተሩን ያስከፍላል። ስለዚህ ቀጣዩ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ከመድረሱ በፊት ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተሽከርካሪያቸውን መመሪያ መጽሐፍ ወይም የዘይት መጨመሪያ ክዳን ተመልክተው በአሁኑ ጊዜ ከሚጠቀሙበት ዘይት ጋር እንዲያመሳክሩ ይመከራል።